ከጠረጴዛ ዳንቴል ወደ ግመል ትራስ፦ በአጣዬ የኪሮሽ ሥራ የዐይን ቆጠራና የጽሑፍ ንድፍ አስፈላጊነት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ፣ በአጣዬ ከተማ ሴቶች የሚሠሩትን የኪሮሽ ሥራ መነሻ አድርጎ፣ በግመል ቅርጽ የሚሠራ ትራስ ንድፍ በአማርኛ ያቀርባል። ዓላማው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጠፍጣፋ የጠረጴዛ ዳንቴል የምትሠራ ሴት የእንስሳ ቅርጽ ያለው ትራስ ለመሥራት የሚያስፈልጋትን ዕውቀት አስቀድማ የያዘች መሆኗን በዐይን ቆጠራ ማሳየት ነው። ሁለተኛው፣ ከናሙና ወደ ናሙና ብቻ የሚተላለፍ ሙያ ናሙናው ሲጠፋ አብሮ ለመጥፋት የተጋለጠ መሆኑን አመልክቶ፣ በጽሑፍ የሚቀመጥበትን ቀላል የአጻጻፍ ሥርዐት ማቅረብ ነው። የጥናቱ ዘዴ አጥኚዋ ከአክስቷ ጋር ሆና ሥራውን በእጅ መሥራት፣ መቁጠርና መመዝገብ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ኪሮሽ፣ ዳንቴል፣ ዐይን፣ ንድፍ፣ አጣዬ፣ ይፋት

1. መግቢያ

አጣዬ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ ከጥንት ጀምሮ የጥጥ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ስለ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ቆላ የጥጥ እርሻ ጠቅሷል። የአርጎባ ሸማኔዎችም በሙያቸው የታወቁ ናቸው። በዚህ አካባቢ ክር እንግዳ ነገር አይደለም፤ እናት ትፈትላለች፣ ሸማኔ ይሠራል።

ኪሮሽ ግን ከእንዝርትና ከሸማኔ ዕቃ የተለየ ታሪክ አለው። ስሙ ራሱ ከውጭ መምጣቱን ይመሰክራል። «ኪሮሽ» ትንሽ ሜንጦ የሚል ትርጉም ካለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ «ዳንቴል»ም በዚያው ቋንቋ ከ«ትንሽ ጥርስ» የወጣ የጌጥ ስፌት ስም ነው። ዛሬ በብዙ የከተማ ቤቶች የጠረጴዛ፣ የሶፋና የቴሌቪዥን ልብስ ሆኖ የሚታየው ዳንቴል አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ሴቶች እጅ የተሠራ ነው። ሙያው የሚተላለፈውም በመጽሐፍ አይደለም። አንዷ የጎረቤቷን ዳንቴል ተውሳ፣ ብርሃን ላይ ዘርግታ፣ ዐይኑን ቆጥራ ትገለብጣለች። ያለቀው ሥራ ራሱ መማሪያ መጽሐፉ ነው።

የዚህ መንገድ ድክመት የታየው በመከራ ጊዜ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬ በደረሱት ጥቃቶች ብዙ ቤቶችና ሱቆች ተቃጥለዋል፤ ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተፈናቅለዋል። ከሰው ሕይወትና ከቤት ንብረት ጋር ሲነጻጸር ዳንቴል እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ የአጥኚዋ አክስት ወደ ቤታቸው ተመልሰው እንደገና ኪሮሽ ሲያነሡ ያጋጠማቸው ችግር ለዚህ ጥናት መነሻ ሆኗል። ለብዙ ዓመታት ሲገለብጡት የኖሩት ክብ ዳንቴል ከሣጥኑ ጋር ተቃጥሏል። መሐሉን በቃላቸው ያውቁታል፤ ከየትኛው ዙር በኋላ ቆጠራው እንደሚለወጥ ግን ይመለከቱ የነበረው ከናሙናው ላይ ነበር። አራት ጊዜ ሞክረው አራቱንም ጊዜ ጠርዙ ወደ ላይ ተሰብስቦ ሳህን መሰለ። በአራተኛው ላይ ሥራውን ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ ደፉትና፣ «ይኸ ለጠረጴዛ አይሆንም፤ ለግመል ሻኛ ግን ይሆናል» አሉ።

ቀልድ ነበር። ነገር ግን በቀልዱ ውስጥ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይገኛል፤ በጠረጴዛ ዳንቴል ላይ ስሕተት የሚባለው በትራስ ላይ ቅርጽ ነው።

2. ቁሳቁስ

ለዚህ ሥራ የተመረጠው እንስሳ ግመል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ግመል በአጣዬ ጎዳናና በአቅራቢያዋ ባለው በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ዘወትር የሚታይ እንስሳ ነው። ሕፃናት በሥዕል ብቻ ከሚያውቁት ድብ ይልቅ ለዚህ አካባቢ ትራስ የሚስማማው እርሱ ነው። በተጨማሪም ተንበርክኮ ያረፈ ግመል እግሩ ከሆዱ ሥር ስለሚታጠፍ ለትራስ የሚመች ቅርጽ አለው።

ክር። በገበያ «የሱፍ ክር» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ክር ሱፍ ሳይሆን ከፋብሪካ የወጣ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ርካሽና ባለ ብዙ ቀለም ቢሆንም በቆላ ሙቀት ፊት ሲያስደግፉበት ያልባል። በዚህ በኩል ጥጥ ይሻላል። ሆኖም የጥጥ ክር ሁሉ እኩል አይደለም። በእጅ የተፈተለ ማግ ለስላሳና ልል ስለሆነ የኪሮሹ ጫፍ እየሰነጠቀው ይገባል፤ ድር ግን ጠንከር ብሎ የተፈተለ በመሆኑ ብዙ ቀጭን ድር በአንድ ላይ ተገምዶ ቢሠራበት ዐይኑ ጥርት ብሎ ይወጣል። በዚህ ጥናት የተሠራው ትራስ በተገመደ የጥጥ ድር የተሠራ ነው።

ኪሮሽ። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው። ለጠረጴዛ ዳንቴል የሚያገለግለው ቀጭን ኪሮሽ ለዚህ ክር አይበቃም።

ሙሊት። ጥጥ ፍሬው በደንብ የተዳመጠና የተነደፈ መሆን አለበት፤ ፍሬው ከቀረበት ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ክሩን ያቆሽሻል። ጥጥ ሲታጠብ የሚጓጉል በመሆኑ በቀጥታ በዳንቴሉ ውስጥ አይሞላም። መጀመሪያ ከአቡጀዲ በተሰፋ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ከረጢቱ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ዳንቴሉ ለብቻው ይታጠባል።

3. ስለ ዐይን ቆጠራ

ክብ ዳንቴል የምትሠራ ሴት የምታውቀው አንድ ሕግ አለ፦ ሥራው እንዲዘረጋ በየዙሩ የተወሰነ ዐይን መጨመር አለበት። የሕጉ ምክንያት የክብ ቅርጽ ጠባይ ነው። የክብ ዙሪያ ከመሐል እስከ ጠርዝ ያለው ርዝመት 6.28 እጥፍ ነው። ስለዚህ ክቡ በአንድ ዙር ቁመት ሲሰፋ ዙሪያውም በዚያ ቁመት 6.28 እጥፍ መርዘም አለበት።

በዚህ ጥናት በተሠራበት ክር 10 ዐይን 6 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 10 ዙር 5.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይሆናል። አንዱ ዐይን 0.6፣ አንዱ ዙር 0.55 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። ስሌቱም 6.28 × 0.55 ÷ 0.6 = 5.76 ይሆናል። ለሙሉ ቁጥር የሚቀርበው 6 ነው። እናቶች በልምድ «ስድስት ስድስት ጨምሪ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከዚህ ሕግ መውጣት ሦስት ውጤት አለው።

ሀ) ጭማሪው ከ6 ሲያንስ ጠርዙ ለዙሪያው የሚበቃ ዐይን ስለማያገኝ ሥራው ወደ ሳህን፣ ቀጥሎም ወደ ሾጣጣ ቅርጽ ይሄዳል። በአማካይ በየዙሩ 3 ከተጨመረ የሚወጣው ጫፉ 60 ዲግሪ ያህል የሆነ ሾጣጣ ነው።

ለ) ጭማሪው ጨርሶ ሲቆም ሥራው እንደ ቱቦ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ሐ) ጭማሪው ከ6 ሲበልጥ ጠርዙ ተርፎ እንደ ሞገድ ይጨማደዳል። ይህ ሦስተኛው ውጤት በሒሳብ ዓለም ስም አግኝቷል። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረችው የሒሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና እ.ኤ.አ. በ1997 ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን ጠለል ለተማሪዎች በእጅ የሚዳሰስ ለማድረግ የተጠቀመችበት መሣሪያ ኪሮሽ ነበር። ዘዴዋም በተወሰነ ልክ አብዝቶ መጨመር ብቻ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ጭማሪው በየዙሩ በአንድ ቦታ ላይ ከተደራረበ ክቡ ስድስት ማዕዘን ያወጣል። ይህን ለማስቀረት በአንዱ ዙር ከጭማሪው መጀመር፣ በሚቀጥለው ዙር ጥቂት ዐይን ሠርቶ መጨመር ይበቃል።

4. የአጻጻፍ ሥርዐቱ

ከውጭ የሚመጡ ንድፎችን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መመለስ ችግር ያስከትላል። በእንግሊዝና በአሜሪካ እንኳ ያው አንድ ስም ለተለያየ ስፌት ይውላል፤ በእንግሊዝ «ድርብ» የሚባለው በአሜሪካ «ነጠላ» ነው። ቪዲዮ እያየች የምትማር ልጅ የአንዱን ንድፍ በሌላው ስም ስትሠራ ቁመቱ የተዛባ ሥራ ይወጣላታል። በጃፓን ግን ምልክቶቹ በአገሪቱ የኢንዱስትሪ ደረጃ የተወሰኑ በመሆናቸው፣ «አሚጉሩሚ» የተባለው የአሻንጉሊት ኪሮሽ ንድፍ ቋንቋውን ለማያውቅም ሊነበብ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የሚከተሉት አራት ምልክቶች ቀርበዋል።

ሰ (ሰንሰለት)፦ ክሩ በኪሮሽ ተስቦ በቀለበቱ ውስጥ ሲያልፍ የሚሠራ።
ዐ (ዐይን)፦ ኪሮሹ በታችኛው ዙር ዐይን ገብቶ ክር ይስባል፤ በኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይሆናል፤ ክር በድጋሚ ተስቦ በሁለቱም ያልፋል።
እ (እጥፍ)፦ በአንድ ዐይን ውስጥ ሁለት ዐ መሥራት።
ጥ (ጥንድ)፦ ሁለት ዐይን በአንድነት ተይዞ አንድ ዐ ማድረግ።

የመጀመሪያው ረቂቅ በየዙሩ ድምሩን ብቻ ያስቀምጥ ነበር፤ «ዙር 5፦ 30» ይል ነበር። ረቂቁ ለአክስት ሲነበብላቸው ግን ሥራቸው ቆመ። እርሳቸው ድምሩን አይቆጥሩም፤ የሚቆጥሩት በሁለት እጥፎች መካከል ያለውን ዐይን ብቻ ነው። «ሦስት ሠርቼ እጥፍ» ሲባሉ እጃቸው ወዲያውኑ ሄደ። ስለዚህ ሥርዐቱ ተለውጦ መጀመሪያ በእጥፎች መካከል ያለው፣ በመጨረሻ ድምሩ ተጻፈ፦ «ዙር 5፦ (3 ዐ፣ እ) × 6 = 30»። ፊተኛው ለምትሠራው እጅ ነው፤ ኋለኛው ስሕተት ለመፈለግ ነው። የጠፋው ዳንቴል ጠርዝ ያልተመለሰበትን ምክንያትም ይህ ያስረዳል፤ የዙሩ ቁጥር የተያዘው በናሙናው እንጂ በአእምሮ አልነበረም።

5. የግመል ትራሱ ንድፍ

ሀ) ገላ

ዙር 1፦ በጣት ላይ በተጠመጠመ የክር ቀለበት ውስጥ 6 ዐ = 6
ዙር 2፦ እ × 6 = 12
ዙር 3፦ (1 ዐ፣ እ) × 6 = 18
ዙር 4፦ (2 ዐ፣ እ) × 6 = 24
ከዙር 5 እስከ ዙር 12፦ በየዙሩ በእጥፎች መካከል አንድ ዐይን እየጨመሩ መቀጠል፤ በዙር 12 (10 ዐ፣ እ) × 6 = 72

እስከዚህ ድረስ የተሠራው ተራ ጠፍጣፋ ዳንቴል ነው። ከዚህ በኋላ ይጎብጣል።

ዙር 14፦ (11 ዐ፣ እ) × 6 = 78
ዙር 16፦ (12 ዐ፣ እ) × 6 = 84
ዙር 18፦ (13 ዐ፣ እ) × 6 = 90
ዙር 20፦ (14 ዐ፣ እ) × 6 = 96
ዙር 13፣ 15፣ 17 እና 19 ያለ ጭማሪ ይሠራሉ።
ከዙር 21 እስከ ዙር 60፦ ያለ ጭማሪ፣ በየዙሩ 96
ዙር 61፦ (14 ዐ፣ ጥ) × 6 = 90
ዙር 63፦ (13 ዐ፣ ጥ) × 6 = 84
ዙር 65፦ (12 ዐ፣ ጥ) × 6 = 78
ዙር 67፦ (11 ዐ፣ ጥ) × 6 = 72
ዙር 62፣ 64፣ 66 እና 68 ያለ ቅነሳ ይሠራሉ።

ገላው በዙር 68 ክፍት ሆኖ ይቀራል። መዝጊያው ለብቻው የሚሠራ ሲሆን፣ የገላው ዙር 1 እስከ 12 ሳይለወጥ ይደገማል። መዝጊያው ራሱ አንድ ትንሽ የጠረጴዛ ዳንቴል ነው ማለት ነው። ግማሹ ከገላው ጋር ይሰፋል፤ ግማሹ የአቡጀዲው ከረጢት መግቢያና መውጫ እንዲሆን በሰንሰለት ክር ይታሰራል። የተሞላው ገላ ርዝመት 33፣ ዙሪያው 58 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል።

ለ) ሻኛ

ዙር 1፦ 6
ዙር 2፦ እ × 6 = 12
ዙር 4፦ (1 ዐ፣ እ) × 6 = 18
ዙር 6፦ (2 ዐ፣ እ) × 6 = 24
በዚሁ አኳኋን በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ እየጨመሩ እስከ ዙር 18፦ (8 ዐ፣ እ) × 6 = 60
ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ዙሮችና ዙር 20 ያለ ጭማሪ ይሠራሉ።

ይህ በክፍል 3 የተገለጸው ሾጣጣ፣ አክስት በስሕተት ሠርተው በጉልበታቸው ላይ የደፉት ነው። ሻኛው በገላው ዙር 30 እና ዙር 50 መካከል ይሰፋል። ጭንቅላት እንዲያርፍበት ከተፈለገ ልል አድርጎ መሙላት ይገባል።

ሐ) ጭንቅላትና አንገት

ከዙር 1 እስከ ዙር 6፦ እንደ ገላው፣ እስከ 36
ከዙር 7 እስከ ዙር 14፦ ያለ ጭማሪ 36
ዙር 15፦ (4 ዐ፣ ጥ) × 6 = 30
ከዙር 16 እስከ ዙር 39፦ ያለ ጭማሪ 30

የአንገቱ ክፍት ጫፍ በገላው ፊት፣ በዙር 8 እና ዙር 18 መካከል ይሰፋል። ከዚያ ወደ ላይ ቀና ተደርጎ ከጀርባው በኩል በጥቂት ስፌት ይያዛል።

መ) ቀሪ ክፍሎች

እግር (አራት)፦ ከዙር 1 እስከ ዙር 3 እስከ 18፤ ከዙር 4 እስከ ዙር 16 ያለ ጭማሪ። በትንሹ ተሞልተው ከሆዱ ሥር በጎን ይሰፋሉ።
ጆሮ (ሁለት)፦ 6፣ 12፣ 12፤ ታጥፎ ይሰፋል።
ጅራት፦ 20 ሰ በሦስት ድርብ ክር።
ዐይን፦ በጥቁር ክር ይጠለፋል። ሕፃን ነቅሎ ሊውጠው ስለሚችል ቁልፍ መስፋት አይገባም። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በሚተኛበት ቦታ ማናቸውንም ትራስ ማስቀመጥ ለትንፋሹ አደገኛ መሆኑንም ለገዢ መንገር ያስፈልጋል።

6. ውይይት

ንድፉ ሲመረመር በእንስሳው ሁሉ ውስጥ ከዐይን፣ ከእጥፍና ከጥንድ ውጭ ምንም አዲስ ስፌት አይገኝም። ገላው ጭማሪ የቆመበት ዳንቴል፣ ሻኛው ጭማሪ የጎደለበት ዳንቴል፣ መዝጊያው ዳንቴሉ ራሱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥልጠና ሲታሰብ ሴቶቹን እንደ ጀማሪ ቆጥሮ ከኪሮሽ አያያዝ መነሣት አይገባም። መነሻው በእጃቸው ያለው ቆጠራ ሲሆን፣ አዲሱ ትምህርት ጭማሪውን ሆን ብሎ መቼ ማቆም እንደሚገባ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ዋጋን ይመለከታል። ዳንቴል ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የክሩ ወጪ ነው፤ ሥራው ከቤት ጣጣ በተረፈ ጊዜ ስለሚሠራ ጊዜው እንደ ነጻ ይቆጠራል። የተጻፈ ንድፍ ግን ሥራውን ያስቆጥራል። ከላይ የቀረበው ገላ ከነመዝጊያው 6,096 ዐይን አለው። አንዲት ሴት በደቂቃ 12 ዐይን ብትሠራ ለገላው ብቻ 508 ደቂቃ፣ ማለትም 8 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅባታል። አንገት፣ ሻኛና እግር ሲጨመር ሥራው ከአንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይበልጣል። ገዢ ሲከራከር «ክሩ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ይህ ቁጥር መልስ ይሆናል። ኪሮሽ እስከ ዛሬ በእጅ እንጂ በፋብሪካ ማሽን የማይሠራ መሆኑም ይህን ክርክር ያጠናክራል።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፍ ጥቅም ነው። የታተሙ የኪሮሽ ንድፎች ታሪክ ረጅም አይደለም፤ ቀደምት ከሚባሉት መካከል እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ «ፔኔሎፔ» በተባለው የኔዘርላንድ መጽሔት የወጡት ይገኛሉ። ከዚያ ብዙ ሳይቆይ፣ በ1840ዎቹ የአየርላንድ ታላቅ ረኀብ ጊዜ፣ የኪሮሽ ዳንቴል ለብዙ ድሃ ቤተሰቦች የገቢ ምንጭ ሆነ። በዚያው ዘመን ኤሌኖር ሪዬጎ ዴ ላ ብራንሻርዲየር የንድፍ መጻሕፍት በማሳተም ሙያው ከመንደር ወደ መንደር እንዲዛመት ረድታለች። የአየርላንድ መከራና የአጣዬ መከራ በምክንያት አይመሳሰሉም። የሚመሳሰሉት በአንድ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉን ጥሎ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ሙያ ትንሽ ኪሮሽ፣ ጥቂት ክርና የተጻፈ ቆጠራ ካለው በሌላ ቦታ ሊቀጥል ይችላል።

የተጻፈ ንድፍ ናሙናን ይተካል ማለት ግን አይደለም። የክሩን ውጥረት፣ የዐይኑን እኩልነት፣ አንገቱ በምን ያህል መቃናት እንዳለበት የምታስተምረው እጅ ናት። ጽሑፉ የሚይዘው እጅ የማትይዘውን፣ ማለትም የዙሩን ቁጥር ነው።

7. መደምደሚያ

ይህ ጥናት አንድ የግመል ትራስ ሠርቶ በመቁጠር ሦስት ነገሮችን አሳይቷል። የጠረጴዛ ዳንቴል ዕውቀት ለእንስሳ ቅርጽ ትራስ በቂ መሠረት ነው። ንድፍ ሲጻፍ ከድምሩ በፊት በእጥፎች መካከል ያለው ቆጠራ መቅደም አለበት፤ የሠሪዎቹ አቆጣጠር እንደዚያ ነውና። ቆጠራው ሲጻፍም ከናሙናው ጋር አብሮ ከመጥፋት ይድናል፤ የሥራውን ዋጋም ያስረዳል።

ቀጣዩ ሥራ ግልጽ ነው። በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ቤቶች ያሉ ዳንቴሎች ናሙናቸው በእጅ ሳለ ዐይናቸው ተቆጥሮ በአማርኛ ሊመዘገብ ይገባል። ለዚህ ከወረቀትና ከእርሳስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚሠሩትን እናቶች ጠጋ ብሎ ከመጠየቅ ሌላ ወጪ አያስፈልግም። የተቃጠለው ክብ ዳንቴል ጠርዝ እስካሁን አልተመለሰም። አክስት ግን ከግመሉ ወዲህ አዲስ ዳንቴል ሲጀምሩ ከመርፌያቸው አጠገብ ደብተር ያኖራሉ፤ ዙሩ በተለወጠ ቁጥርም አጥኚዋን ጠርተው ያስጽፋሉ።